በአንገቱ ያልታሰረው በግ

ከመቱ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የሶርን ፏፏቴ አይቼ እንደሆነ ነው። አላየሁም። እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ያየሁት ውኃ ከሰማይ የሚወርደውንና ሆቴሉ በባልዲ የሚያቀርብልኝን ብቻ ነው። ፏፏቴ ፍለጋ ይህን ማንበብ የጀመራችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ የሄድኩት ለአንዲት ሴት አንገት ብዬ ነው።

የአንገት በላይ ሐኪም ነኝ። ጡረታዬ ተቃርቧል፤ ወገቤ ግን ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ሌሊሴ የምትባል፣ መቱ አጠገብ ያለችው የሁሩሙ ከተማ መምህርት ከሁለት ዓመት በፊት የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ አዲስ አበባ ወደ እኛ መጥታ ነበር። ለሳምንታት በመተንፈሻ መሣሪያ ቆየች። ነፍሷን ያተረፈላት ቱቦ የአየር ቧንቧዋን ከውስጥ አቆሰለው፤ ቁስሉ ሲሽር ደግሞ ጠባሳው ቧንቧውን አጠበበው። አንገቷ ላይ ቀዳዳ ከፍተን በዚያ የምትተነፍስበት አጭር ቱቦ አደረግንላትና፣ ሰውነቷ ሲጠነክር እንድትመለስ ቀጠርናት። ያን ጊዜ የጠበበውን ቆርጠን አውጥተን ሁለቱን ጫፎች ልንገጥም ነበር። አልመጣችም። ስንደውል አባቷ «እየጠበቅን ነው» ይሉናል።

ምን እንደሚጠብቁ የነገረችኝ መቱ ሆስፒታል የምትሠራው ሲስተር አስቴር ናት። በሬዲዮ አንድ ዝግጅት ሰምተው ኖሯል። ውጭ አገር ተመራማሪዎች የእንስሳ የአየር ቧንቧ ወስደው፣ ሕዋሱን አጥበው አውጥተው፣ በቀረው ባዶ ቅርጽ ላይ የበሽተኛውን የራሱን ሕዋስ ዘርተው አዲስ ቧንቧ ለማብቀል ይሞክራሉ የሚል ዝግጅት። ቤተሰቡ ከዚያ ዝግጅት ላይ «ይሞክራሉ» የሚለውን ትቶ ሌላውን ሁሉ ይዟል። እኔ ደግሞ የጠባሳ ጠባይ ስለማውቅ ሌላ ዓመት እንዲጠብቁ መፍቀድ አልቻልኩም። መቱ ላይ የማስተምረው ነገር ነበረኝ፤ እግረ መንገዴን ልነግራቸው ተነሣሁ።

ሰኞ፣ እስከ ጅማ

ሹፌሩ ከመነሣታችን በፊት ወደ ፊት ያሉትን ሹፌሮች በስልክ ሲያጣራ ቆየ። «መንገዱ ሰላም ነው» ሲል ተመስገን አልንና ወንበር ላይ ተጋፋን። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው የተበሳሳ ካርቶን አቅፏል፤ ውስጡ ጫጩት ነው። ወልቂጤ ሳንደርስ እንቅልፍ ጣለውና ካርቶኑ ወደ እኔ ጭን ተንሸራተተ። ልቀሰቅሰው አልጨከንኩም፤ ፊቱ ከእኔ የባሰ የደከመ ነበር። የጊቤን ቁልቁለት የወረድኩት እንግዲህ የማላውቀውን ሰው ጫጩት ታቅፌ ነው።

ደብረ ብርሃን ነው ተወልጄ ያደግኩት። እኛ ጋ ሰው በሐምሌ ትንሽ ፀሐይ ካገኘ ሥራውን ትቶ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ጊቤ ላይ ግን ፀሐይዋ መስኮቱን አልፋ ገብታ ከጫጩቶቹ ጋር ጭኔ ላይ ተቀመጠች። ጅማ ስንገባ ሰውየው ነቃ፤ ጫጩቶቹን ቆጠረ፤ እኔን አየት አደረገኝና «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» አለኝ። ያደርኩበት ክፍል አልጋው ወደ ግድግዳው ያዘነበለ ስለነበር ሌሊቱን ግድግዳ ስገፋ አደርኩ።

ማክሰኞ፣ እስከ መቱ

ከአጋሮ ወዲያ ያለውን አረንጓዴ ለማውራት አቅም የለኝም። እኛ አገር ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም ለማገዶ እስኪደርስ የሚጠበቅ ነው። እዚህ ዛፉ በዛፍ ላይ ተደርቦ፣ ከሥሩ ቡናው ተደብቆ፣ ከላይ ደግሞ የንብ ቀፎ ተጋድሞበት አየሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ጉልበቴ ከፊት ባለው ወንበር ብረት ተጨፍልቆ ስለነበር ዛፉን ሁሉ በቂም ነው ያየሁት።

በደሌ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ዝናቡም ያን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ጀመረ። ከመንገዱ ዳር ያለች ቤት በሯን ከፍታ፣ ሳታውቀን፣ አውቶቡስ ሙሉውን ሰው ግቡ አለችን። የገባነው ገባን፤ ሌሎቹ ጣሪያው ሥር ቆሙ። የቤቱ እመቤት የተቀቀለ ጎደሬ በትሪ ሙሉ አቀረበችና አዋዜ ጣል አደረገችበት። ልንከፍል ስንል በኦሮምኛ ተቆጣች፤ ምን እንዳለች ባይገባኝም ቦርሳዬን ዘጋሁ። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ቤቴ ቢመጣ ምን እንደማደርግ ሳስብ ራሴን ታዘብኩት።

ወደ ማታ ሁሩሙን አልፈን ሄድን። ታፔላውን አየሁ። ልውረድ ብል ሹፌሩ ያቆምልኝ ነበር። ግን የማወርደው ሻንጣ ብቻ አልነበረም፤ ለሁለት ዓመት የጠበቁትን ተስፋ ቤታቸው ሄጄ የምነጥቅ እኔ ነኝ፤ ለዚያ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሌሊት መተኛት ያስፈልገኝ ነበር። ነገ ሌሊሴ ራሷ መቱ ትመጣለች፣ ተነግሯታል፣ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

የመቱው ሆቴል ባለቤት ከስልጤ የመጡ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ሸምሱ ይሏቸዋል። ውኃ እንደሌለ፣ መብራት እንደሚሄድ፣ ባልዲ ግን እንደማይቋረጥ ነገሩኝ። አገሬ ደብረ ብርሃን መሆኑን ሲሰሙ ሁለት ተጨማሪ ብርድ ልብስ አመጡ። እዚህ ብርድ የለም ብላቸው፣ ብርድ የለመደ ሰው ያለ ብርድ ልብስ እንቅልፍ አይወስደውም አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ረቡዕ፣ መቱ

ጠዋት ለነርሶቹ አስተማርኩ። የአንገት ቱቦ እንዴት እንደሚታጠብ፣ አክታ እንዴት እንደሚመጠጥ። በጥያቄ አደከሙኝ፤ ደስ የሚል ድካም ነበር። ቀጠሮ የሰጠናት ሌሊሴ ግን አልመጣችም። ከሰዓት በኋላ አስቴር ቤቷ ወሰደችኝና ጨሞ አቀረበችልኝ። የቡና ቅጠል ከቃሪያና ከቅመም ጋር አፍልተው የሚጠጡት ነው፤ ጉሮሮን ሲጠርግ የሚሰማ መጠጥ ነው። ሌሊሴ ለምን እንደቀረች ጠየቅኳት።

«አይመጡም ዶክተር» አለችኝ። «በጉን ለማን ትተው ይመጣሉ?»

ሥራ መብዛቱን ልትነግረኝ የፈለገች መሰለኝና አልጠየቅኩም። ነገ አብረን እንድንሄድ ተቀጣጠርን።

ሐሙስ፣ ሁሩሙ

ሚኒባሱ ሁሩሙ አወረደንና የቀረውን በእግር ያዝነው። አስቴር ቦት ጫማ ተጫምታለች፤ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ምቹ ነው ተብሎ የተሸጠልኝን ጫማ። መንገዱ ከቡናው መሃል የሚሄድ ቀጭን ጭቃ ነው። ግማሽ ላይ ሳንደርስ የቀኝ ጫማዬ ሶል ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ላወጣው ስጎትት የግራውም ተከተለው። የሌሊሴ ቤት የደረስኩት እንግዲህ በሁለት የጫማ ክዳንና በካልሲ ነው።

አባቷ ኦቦ ነጋሳ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ንብ አርቢ ናቸው። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ ክንዴን ይዘው ወደ ቤቱ ጎን ወሰዱኝ።

«ይኸውልዎት» አሉኝ። «ተዘጋጅቷል።»

በግ ነበር። እኛ ጋ በግ ማለት ሱፍ ለብሶ የሚንቀጠቀጥ ፍጡር ነው፤ ይህ ግን ጠጉሩ ለጥ ያለ፣ ቀይ ቡናማ፣ ላቱ የከበደ አውራ በግ ነው። ታጥቧል። ከሥሩ ደረቅ ሣር ተነጥፎለታል። በበግ አገር ስላደግኩ በመጀመሪያ ያየሁት ገመዱን ነው። በአንገቱ አልታሰረም። በኋላ እግሩ ነው የታሰረው፤ እግሩም ላይ ገመዱ እንዳይልጠው ጨርቅ ተጠምጥሞበታል።

ኦቦ ነጋሳ ሁሉንም በእርጋታ አስረዱኝ። ገመድ አንገቱን ከያዘው ቧንቧውን ይጎዳዋል። ጭስ እንዳይገባበት ማድቤት አይጠጋም። በሬዲዮ የእንስሳ ቧንቧ ሲባል በግ መሆኑን ስለሰሙ፣ ከግልገሎቹ መሃል ሳል የማያውቀውን መርጠው አስቀሩት። ገናና ፋሲካ ሁለት ጊዜ አልፈውታል። ጎረቤቱ «የሌሊሴ ጉሮሮ» ይለዋል፤ ማሳ ገብቶ በቆሎ ቢበላበት እንኳ ድንጋይ የሚወረውርበት የለም። አንድ ነገር ግን አስጨንቋቸው እንደነበር ነገሩኝ። ሬዲዮው ሰውነት ባዕድ ነገር ይጠላል ብሏል።

«ስለዚህ ከእሷ እጅ ብቻ ነው የሚበላው» አሉ። «ከእጇ የበላ ይስማማታል።»

በዚህ ሥራ ስኖር ሰውነት የተሰጠውን አካል እንዳይጠላ ለማድረግ የሚደከመውን ብዙ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለውን ግን ሰምቼ አላውቅም። ልስቅ ቃጣኝ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኔ ሞላ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን የማይ መሰልኩ።

ሌሊሴ ከጓሮ ሣር ይዛ መጣች። ቀጥናለች። አንገቷ ላይ ሻሽ አለ፤ ስትናገር ሻሹን ገለጥ አድርጋ ቱቦውን በጣቷ ትደፍነዋለች፤ ያን ጊዜ በጠበበው መንገድ ያለፈው ትንፋሽ ፉጨት የተቀላቀለበት ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ተማሪ ፊት መቆም ስላልቻለች ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አስቀምጧታል። እናቷ አዴ ዲንቂቱ እግሬን ሲያዩ ምንም ሳይሉ ሙቅ ውኃ አመጡና አጠቡኝ፤ ከዚያ የራሳቸውን ኮንጎ ጫማ አጠለቁልኝ። ትንሽ ጠበበኝ። እስከ አዲስ አበባ ግን አላወለቅኩትም።

በያዝኩት ቀጭን መመልከቻ ሌሊሴን መረመርኳት። የአየር ቧንቧ ልም አጥንት በሆኑ ቀለበቶች የተሠራ ነው፤ የተወሰነው ቢቆረጥ የቀረው ይሳባል፣ ይገጥማል። ብዙ ከተቆረጠ ግን ጫፎቹ አይገናኙም። ጠባሳው ካየሁት ጊዜ ወዲህ ወደ ታች ተስቧል። ዛሬ ቢቆረጥ ሁለቱ ጫፎች ገና ይደራረሳሉ። ሌላ ዓመት ከተጠበቀ ግን አይደራረሱም።

ይህንን ተናግሬ ስለ በጉ መናገር ነበረብኝ። ደክሞኝ ነበር፤ የደከመ ሰው ነገር ማለስለስ አይሆንለትም፤ ስለዚህ እንዳለ ነገርኳቸው። አስቴር ለእናትየው በኦሮምኛ ትተረጉም ነበር። ሬዲዮው አልዋሸም አልኩ። ቧንቧውን አጥቦ ባዶ ቅርጹን ማስቀረት ይቻላል። ሕዋስ መዝራትም ይቻላል። የሚያስቸግረው ደሙ ነው። የአየር ቧንቧ እንደ ኩላሊት አንድ ትልቅ የደም ሥር የለውም፤ ክር በሚያክሉ ሥሮች ነው የሚኖረው፣ እነሱን ደግሞ ማንም በቀላሉ አይገጥምም። ደም የማይደርሰው ነገር ሰውነት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ወይም ይሟሽሽና መተንፈሻውን ይዘጋል። ከዓመታት በፊት ውጭ አገር የቸኮሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ ተሠራ የተባለውን ቧንቧ ሰው ላይ አደረጉ፤ ከተደረገላቸው ብዙዎቹ ሞቱ። አሁንም በጥንቃቄ የሚያጠኑት አሉ፤ አንድ ቀን ለአንድ ሰው ይደርስ ይሆናል። ለሌሊሴ ግን በዚህ በግ አይደርስም።

 ኦቦ ነጋሳ እንዲህ አሉኝ፦

«እኛ ቀፎ ባዶውን ዛፍ ላይ እንሰቅላለን። ንቡ ከየት እንደሚመጣ አናውቅም። ግን ይገባል።»

«ሳይገባበት የቀረ ቀፎ የለዎትም?» አልኳቸው።

«አለ።»

«ያንን ምን ያደርጉታል?»

«አውርጄ ሌላ ዛፍ ላይ እሰቅለዋለሁ።»

ይህን ብለው ልጃቸውን አዩ።  ትንሽ ቆይተው ተነሡና ከጣሪያው ሥር ቢላዋ አወጡ። ደንግጬ ተነሣሁ፤ ለእኔ ብለው እንዳያርዱ ልለምን ስል አስቴር ቀሚሴን ያዘችኝ። እንግዳ መጥቷል፣ በግ አለ፣ ከእንግዲህ ምን ብለው ያስቀምጡታል አለችኝ። ሌሊሴ የያዘችውን ሣር እስከ መጨረሻው አበላችውና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወደ ቤት ገባች። አዴ ዲንቂቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በር ላይ ቆሙ። እኔ ጥፋተኛ እንዳልነበርኩ አውቃለሁ። ግን አዘንኩ፤ ብዙ ዓመት እንደዚያ አዝኜ አላውቅም።

በጉ ሲገፈፍ ሌሊሴ አባቷን ጠርታ የሆነ ነገር ጠየቀቻቸው። ቆይታ በትሪ ይዛው መጣች። ቧንቧው ነበር፤ ታጥቦ፣ ነጭ ሆኖ፣ ቀለበቶቹ ቁልጭ ብለው።

ጣቷን አንገቷ ላይ አድርጋ «የእኔን እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳዩኝ» አለችኝ።

ምላጭ፣ መርፌና ክር ጠየቅኩ። ወገቤን ረስቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የጠበበው ይህ ነው ብለን እናስብ አልኩና ከመሃል ጥቂት ቀለበቶች ቆርጬ አወጣሁ። ሁለቱን ጫፎች ስባ እንድታገጥማቸው ሰጠኋት። እሷ ይዛ እኔ ሰፋሁት። በቀዶ ጥገና ክፍል እንደምናደርገው፣ ስፌቱ አየር ያስወጣ እንደሆነ ለማየት ውኃ በሳፋ አስመጣሁ። አንዱን ጫፍ በክር ቋጥሬ ቧንቧውን ውኃው ውስጥ አደረግኩና ኦቦ ነጋሳን በሌላው ጫፍ እንዲነፉ ለመንኳቸው። ተንበርክከው ነፉ። ከስፌቱ ጎን አንድ አረፋ ወጣች።

 ሌሊሴ አረፋዋን እያየች «ይህ እኔ ላይ ቢሆንስ?» አለች።

«አይቼው እሰፋዋለሁ» አልኳትና አንድ ስፌት ጨመርኩ። «አረፋ አይወጣም ብዬ አልዋሽሽም፤ አስቸጋሪ ሥራ ነው። ግን ብዙ ሰው ላይ ሠርቼዋለሁ። የእንስሳውን ቧንቧ ግን ማንም ላይ ሠርቼ አላውቅም።»

አባቷ እንደገና ነፉ። ጉንጫቸው እስኪወጠር ነፉ። ውኃው ዝም አለ።

ሌሊሴ ጣቷን አንስታ ተነፈሰች፤ መልሳም ደፈነችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ያኖርነው በጉን ነው» አለች። ከዚያ ለአባቷ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረች። አስቴር ልትተረጉምልኝ ስትዞር ኦቦ ነጋሳ ቀደሟት።

«ነገ እሄዳለሁ ነው የምትለው» አሉ።

ጥብሱ ሲደርስ የመጀመሪያውን ጉርሻ ኦቦ ነጋሳ በእጃቸው አጎረሱኝ። ጥሩ ሥጋ ነበር። 

ዓርብ፣ መልስ

ማታውን ወደ መቱ ተመልሰን ስለነበር፣ ሌሊሴና እናቷ ከሁሩሙ መንገድ ዳር አውቶቡሱን እንዲጠብቁ ነበር የተነጋገርነው። ጋሼ ሸምሱ የሻይ ቤት ዳቦ ጠቅልለው ሰጡኝና ፏፏቴውን አለማየቴን ሲሰሙ ከልባቸው አዘኑልኝ። ዝናብ ነበር። ከመቱ እስከ ሁሩሙ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ያን ጠዋት ግን ከጅማ የረዘመ መሰለኝ። ሌሊቱን ሐሳባቸውን ቢለውጡ አልፈርድባቸውም ነበር። ሹፌሩን አስቀድሜ ነግሬው ሳለ ሁለት ጊዜ ደግሜ ነገርኩት።

ሦስቱም በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆመው ነበር። ኦቦ ነጋሳ ሻንጣዋን ራሳቸው ጣሪያው ላይ አስጫኑ። የታሰረበትን ገመድ አወቅኩት፤ ጨርቁ ገና አልተፈታም ነበር። በመስኮቱ እጄን ጨበጡኝ፤ አውቶቡሱ ሲነሣ ጃንጥላውን አጥፈው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ። አዴ ዲንቂቱ እስከ በደሌ አለቀሱ፤ ከበደሌ በኋላ ደግሞ አስታወካቸው። እኔ ጠባብ ኮንጎዬን ተጫምቼ ፌስታል ስይዝላቸው ዋልኩ። ጫጩት ይሻል ነበር።

ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር። አንድ አረፋ ወጥታ ነበር፤ ሰፋኋት። እንዲህ ያለ ስፌት እንዳይወጠር የበሽተኛው አገጭ ለቀናት ደረቱ ላይ በክር ይያዛል፤ ስለዚህ ሌሊሴ አንገቷን ደፍታ፣ መሬት የወደቀባትን ነገር እንደምትፈልግ ሰው ሆና ተኛች። ቱቦው ወጥቷል። በሦስተኛው ቀን እናቷ መድኃኒት ሊገዙ ወጡና የቀረበላት አጥሚት ሊቀዘቅዝ ሆነ። ራሷን ቀና ማድረግ ስለማትችል ማንኪያውን እኔ ያዝኩ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ስለነበር አልጋዋ ጠርዝ ላይ መቀመጡ ለእኔም ዕረፍት ነበር።

አባቷ የደወሉት ያን ጊዜ ነው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ልትናገር ስትል ጣቷ በልማድ ወደ አንገቷ ሄደ፤ ፋሻውን ነካችና ቆመች። ከዚያ እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጣ ተናገረች። ድምፁ ሻካራ ነው። ፉጨት ግን የለውም፤ አንዱን ቃል ከሌላው ለመቀጠልም ጣት አልፈለገም። ማንኪያዬን እያየችም አንድ ነገር ነገረቻቸው። ከዚያ ኦቦ ነጋሳ፣ እኔም እንድሰማ መሰለኝ፣ በአማርኛ ጠየቋት።

«ከማን እጅ ነው የምትበይው?»

«ከዶክተር እጅ» አለቻቸው።

«እንግዲያው ይስማማሻል» አሉ።